የአቦከሩ ማስተር

በሰማንያዎቹ መጀመሪያ ከሰዓት በኋላ በአቦከር መንገድ ለሚያልፍ ሰው ሬዲዮ መያዝ ትርፍ ነገር ነበር። በርጫ የተቀመጠበት ቤት ሁሉ ቴፑን ወደ መስኮት አዙሮ ስለሚከፍት፣ የአንዱ ግቢ መሐመድ ወርዲ ሳያልቅ የቀጣዩ ግቢ አሊ ቢራ ይቀበለዋል፤ እሱን ደግሞ ከማዶ ጥላሁን ገሠሠ ይውጠዋል። ሻይ ቤቱ የሚወደው የህንድ ፊልም ዘፈን ነበር። ትርጉሙን የሚያውቅ አንድም ሰው ሳይኖር ሁሉም አብሮ ያንጎራጉራል። ማን ቤት እንግዳ እንደመጣ፣ ማን ከሚስቱ እንደተኳረፈ፣ ማን ደመወዝ እንደተቀበለ ከሚከፈተው ካሴት እናውቅ ነበር ብል ማጋነን አይሆንም። ትንሽ ብቻ ነው።

የእነዚህ ቤቶች ካሴት ከሞላ ጎደል የሚመጣው ከአንድ ሱቅ ነው። የሱቁን ስም አልጠራም፤ ባለቤቱ ልጆችም የልጅ ልጆችም አሉት። ስፋቱ አንድ በር ነው። ግድግዳው ከወለል እስከ ኮርኒስ በካሴት ተሞልቷል። ባንኮኒው ላይ ሁለት ዴክ ተቀምጧል፣ አንዱ ያጫውታል፣ ሌላው ይቀዳል። ከበሩ ውጭ የሰፈር አናጢ የሠራቸው ሁለት ትልልቅ የስፒከር ሳጥኖች ቆመዋል። የዘፈኖቹን ዝርዝር ጽፈህ ትሰጠዋለህ፣ ባዶ ካሴት ከእሱ ትገዛለህ፣ በሦስተኛው ቀን መጥተህ ትወስዳለህ። የዘፋኙን ስም በቀይ፣ የዘፈኑን በሰማያዊ እስክሪብቶ የሚጽፍባት ወረቀት ራሷ የምትወደድ ነበረች። የእጅ ጽሕፈቱን ያየ ሰው የቁም ጸሐፊ ነው ይላል።

ባለ ካሴቱ ግን ከካሴት ይበልጥ የሚያተርፍበት ወሬው ላይ ነበር። ሽርጡን አሸርጦ፣ ጉንጩን በጫት ነፍቶ ሲቀመጥ የማያውቀው ሙዚቀኛ የለም። ጥላሁን ሐረር በመጣ ቁጥር ከእሱ ቤት ሳይበላ አይመለስም። ማሕሙድ አሕመድ አንድ ዘፈን ከማስቀረጹ በፊት ደውሎለት "እስቲ ስማው" ይለዋል። ስልክ እንዳልነበረው ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ ሰፈሩ ሁሉ ዝም ይላል። ድሬዳዋ የመጣ አንድ የጃፓን መሐንዲስ ደግሞ ጆሮውን በመሣሪያ ለክቶ "ያንተ ጆሮ ከእኛ ማሽን ይበልጣል" ብሎት ነበር። መሐንዲሱ በምን ቋንቋ እንደነገረው ስንጠይቀው፣ "ባለሙያና ባለሙያ ሲገናኝ ቋንቋ ምን ያደርጋል?" አለን።

ከወሬዎቹ ሁሉ ገንዘብ የሚያስከፍለው አንዱ ብቻ ነበር፤ የማስተሩ ወሬ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ካሴት ላይ ክሩ የሚሄደው በሴኮንድ አምስት ሴንቲ ሜትር እንኳ ሳይሞላ ነው፤ ስፋቱም ከሁለት የክብሪት እንጨት አይበልጥም። ስለዚህ ክሩ ራሱ ሽ የሚል ድምፅ፣ ሽሽታ፣ አለው። ከካሴት ወደ ካሴት በተቀዳ ቁጥር የአዲሱ ክር ሽሽታ በአሮጌው ላይ ይደረባል፣ የጸናጽሉ ድምፅ እየደነዘዘ ይሄዳል። አራተኛ ወይም አምስተኛ እጅ የደረሰ ካሴት ላይ ዘፋኙ በወንፊት ውስጥ የሚዘፍን ይመስላል። ይህን ሁላችንም በጆሮአችን እናውቀዋለን። ባለ ካሴቱም እዚህ ላይ ነበር የሚገባው፦ "የሌላው ሱቅ ግልባጭ ነው፤ የእኔ ከማስተሩ ነው። አዲስ አበባ ስቱዲዮ የሚሠራ ጓደኛዬ ከትልቁ ሪል ላይ ቀጥታ ቀድቶ ልኮልኛል። ዋላሂ፣ እንዲህ ያለ ካሴት በሐረር ቀርቶ በአስመራም የለም።" ዋጋውም እጥፍ ነው። "ማስተር" የሚለው ቃል በቀይ፣ ከሥሩ ሁለት ጊዜ ተሠምሮ ይጻፍልሃል።

ይህን ወሬ ያፈረሱት ትልልቆቹ አይደሉም። ሙዚቃ ሲሰማ የሚተኛ ሰው ሙዚቃን አይመረምርም። ያፈረሱት ካልሲ ሳይኖራቸው ካሴት የሚገዙ ልጆች ናቸው፤ እኔም ከእነሱ አንዱ ነበርኩ። በመካከላችን አንድ የልብስ ሰፊ ልጅ ነበር፤ አባቱ መኪና ግርግር ላይ የሚሰፋ፣ እሱም ከትምህርት ቤት መልስ ከሲንጀር መኪና ሥር ተቀምጦ ያደገ። በዚያ መንገድ ላይ መኪናዎቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲረገጡ የሚያወጡትን ድምፅ የሰማ ያውቀዋል፤ ይህ ልጅ ከዚያ ሁሉ ግርግር መሀል የአባቱን መኪና ለይቶ ይሰማ ነበር። ሌላው ደግሞ አጎቱ ከሦስተኛ ክፍለ ጦር በጡረታ ሲወጣ አንድ የፊሊፕስ ሸክላ ማጫወቻና አንድ ሻንጣ ሸክላ ይዞ የገባ ልጅ ነው።

አንድ ቀን "ማስተር" የተባለ አንድ የአለማየሁ እሸቴ ካሴት ገዝተን፣ ቴፑን ከበን ስንሰማ ልብስ ሰፊው ልጅ እጁን አነሣ። "ቆይ፣ መልሱት።" መለስነው። ከዘፈኑ ሥር አንዲት ነገር ትሰማለች፤ ቀጭን ጭር የምትል፣ የምትመጣና የምትሄድ። ሌሎቻችን ከከበሮው ለይተን ለመስማት ስንታገል እሱ ጉልበቱን በጣቱ ይመታ ጀመር። የእጅ ሰዓት ያለው አንድ ልጅ ነበርና አምጥቶ ዘረጋው። ሴኮንዱ አሥራ ሁለት ላይ ሲደርስ መቁጠር ጀመረ። ደቂቃው ሲሞላ 45 አለ። ድጋሚ ቆጠረ፣ 46 ሆነ። የቴፑ ሞተር አንዳንዴ ትንሽ ስለሚፈጥን ነው። ሦስተኛ ጊዜ 45።

ባለ አጎቱ ልጅ ምንም ሳይናገር ቤቱ ሄዶ አንድ ትንሽ ሸክላ ይዞ መጣ። መሀሉ ላይ ካለው ክብ ወረቀት ላይ ተጽፏል፦ 45። ሸክላው በደቂቃ የሚዞረው ያን ያህል ነው። ሸክላ ላይ በአንድ መስመር የተጫረ ጭረት ካለ መርፌዋ በየዙሩ እዚያው ላይ ትደናቀፋለች፤ በደቂቃ 45 ጊዜ ጭር ትላለች ማለት ነው። ከስቱዲዮ ሪል ላይ የተቀዳ ነገር ደግሞ የሚዞር ጭረት ሊኖረው አይችልም። ሪል ላይ መርፌ የለም።

ማግስቱን ተሰልፈን ሱቁ ሄድን። ሐረር ውስጥ ትልቁም ትንሹም "አንተ" ስለሆነ ንግግሩ ከባድ አልነበረም።

"ጋሼ፣ ይኼ ማስተርህ ሸክላ ነው።"

"ምን አልክ አንተ?"

"ጭረት አለው። ስማው።"

ባለ ካሴቱ ካሴቱን ከተተ፤ ዓይኑን ጨፍኖ፣ በጃፓናዊው የተለካውን ጆሮውን ወደ ስፒከሩ አስጠግቶ ሰማ። ብዙ ቆየ። ከዚያ ዓይኑን ከፈተና ፍጹም ረጋ ብሎ፣ "ቡና ነው" አለ።

"የምን ቡና?"

"ሲቀረጽ እዚያ ቡና እየተቆላ ነበር። ማስተር ስለሆነ ነው የሚሰማህ። ግልባጭ ቢሆን ኖሮ ይጠፋ ነበር።"

ልብስ ሰፊው ልጅ ትንሽ አሰበና፣ "በደቂቃ 45 ጊዜ የሚፈነዳ ቡና?" ሲለው ሱቁ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ በሳቅ ወደቀ። ባለ ካሴቱም ሳቀ። የተከፈለውን ትርፍ ገንዘብ ግን አልመለሰም። ይልቁንም ከዚያ ቀን ጀምሮ ለእኛ ብቻ "ማስተር" የሚለውን ቃል አነሣ፤ ለሌላው ሰው እስከ መጨረሻው በቀይ እስክሪብቶ ጻፈ። አንዳንዴም ከአዲስ አበባ ካሴት ሲመጣለት "ና እስቲ አንተ ቆጣሪ" ብሎ ልጁን ይጠራው ነበር። የሚቆጥር ሰው ያለበት ሰፈር ውስጥ መሸጥ ኩራት ነው መሰለኝ።

ለባለ ካሴቱ ፍርድ ስሰጥ አንድ ነገር መዘንጋት አልፈልግም። የሐረሪ ሰርግ ላይ ሴቶቹ የሚዘፍኑትን፣ ማንም ስቱዲዮ ያላስገባውን፣ ቴፑን ከነባትሪው ተሸክሞ በየነደባው (የሐረሪ ቤት መደብ) ጥግ እያስቀመጠ የቀዳው እሱ ነው። ስለ እነዚያ ካሴቶች አንድም ቀን ጉራ ሲነዛ አልሰማሁትም። እውነተኛ ማስተር የነበራቸው እነሱ ብቻ ነበሩ። ጀጎል ውስጥ በራስ ተፈሪ መኖሪያ በነበረው ቤት ሙዚየም የከፈቱት አብዱላሂ ሸሪፍ ከእጅ ጽሑፎቹና ከጌጣጌጡ ጋር አሮጌ የሐረሪ ዘፈን ቅጂዎችን ሲሰበስቡ ኖረዋል። የእኛ ባለ ካሴት ካሴቶች ግን የት እንደደረሱ ልጆቹን ብጠይቅ "ክሩ ተበልቶ ተጣለ" አሉኝ።

ሁለተኛው ትልቅ ወሬ የፈረሰው በልጅ አይደለም። በ1970 ዓ.ም. ኦርጋን ተጫዋቹ ሃይሉ መርጊያ በጊዮን ሆቴል ይጫወት ከነበረው ከዳህላክ ባንድ ጋር "ወደ ሐረር ጉዞ" የሚል በአብዛኛው በመሣሪያ የተሠራ ካሴት አውጥቶ ነበር። ስማችን ካሴት ላይ ወጣ ብሎ ሐረር እንዴት እንደተደሰተ ዛሬ ለማስረዳት ይከብዳል። ባለ ካሴቱ ይህን ዕድል ዝም ብሎ አያሳልፈውም። በእሱ አነጋገር ሃይሉ በጥር 70 በባቡር ድሬዳዋ ይወርዳል። እሱ በፔጆ 404 ጣቢያው ድረስ ሄዶ ይቀበለዋል። ኦርጋኑን ጣሪያው ላይ በገመድ አስረው የደንገጎን ጠመዝማዛ ይወጣሉ። ሐሮማያ ሐይቅ ዳር ሲደርሱ ሃይሉ ወደ እሱ ዞሮ "ለዚህ ሥራ ምን ስም ልስጠው?" ሲለው፣ እሱ በመስኮት እያየ "ወደ ሐረር ጉዞ በለው" ይለዋል። ከዚያ አወዳይ ቆመው ጫት ገዝተው፣ ሐረር ገብተው፣ በዚችው ሱቅ ውስጥ፣ በዚችው ዴክ የመጀመሪያውን ቅጂ ይቀዳሉ።

ለዓመታት ሰማነው። ጥሩ ወሬ ነበር፤ ፔጆው ነው ያሳመነን። በሐረር ያልኖረ ሰው ለፔጆ 404 ያለንን ፍቅር አይረዳም።

አንድ ቀን ባለ ካሴቱ ይህንኑ ለአንድ ከጅጅጋ ለመጣ ሹፌር ሲተርክ፣ ሻይ ቤቱ በረንዳ ላይ የተቀመጠ አንድ የጡረታ ወታደር ስኒውን አስቀመጠ። "በጥር 70 ነው ያልከው?"

"በጥር 70።"

"ሐረር?"

"እዚሁ።"

"ከ69 መጨረሻ ጀምሮ የባቡሩ ድልድይ እየፈረሰ ነበር። በጥር 70 የዚያድ ባሬ ጦር ደጃችን ላይ ነው። እኔ ምሽግ ውስጥ ነበርኩ። በዚያ ወር ሐረር ላይ የተሰማ ኦርጋን አንድ ብቻ ነው፤ የስታሊን ኦርጋን።"

ቢኤም ሮኬቱን ማለቱ ነው፤ ስሙን ያኔ ሁሉም ያውቀው ነበር። የዚያን ቀን ሳቅ ከቡናው ቀን ይበልጥ ነበር። ባለ ካሴቱ ግን ወሬውን አልተወውም፤ ወሩን ብቻ ከጥር ወደ ነሐሴ አዛወረው።

ወሬ ያስፈልገው እንደነበር ኋላ ላይ ሳስበው ይገርመኛል፤ እውነተኛው ታሪክ ራሱ ከተረት አይተናነስም። በ1940 ዓ.ም. በወጣ ትእዛዝ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት የሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ነበር። ከሃያ ዓመት በላይ በኋላ፣ በ1961፣ አምሃ እሸቴ የሚባል ሸክላ ነጋዴ ገና በሃያዎቹ ዕድሜው ሳለ ያን ትእዛዝ ጥሶ የአለማየሁ እሸቴን ሸክላ አሳተመ። እስር ቤት ሊያስገባው ይችል ነበር። በስድስት ዓመት ውስጥ ከመቶ በላይ ሸክላ አውጥቶ በ1967 አገር ለቆ ወጣ። ማሕሙድ አሕመድ፣ ሙላቱ አስታጥቄ፣ ሂሩት በቀለ፤ ዛሬ በዓለም የሚሰማው የዚያ ዘመን ሙዚቃችን ብዙው በእሱ እጅ ያለፈ ነው። አጎቱ ሸክላ ያመጣለት ጓደኛችን ሻንጣ ውስጥ የነበሩት አብዛኞቹ የአምሃ ነበሩ። ዛሬ ከመካከላቸው ሰብሳቢ ጋ በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር የሚያወጡ አሉ። ያኔ እናቱ በአንዱ ድስት ስትከድን አይተናል።

ጊዜው ሄደ። ካሴት ሲዲ ሆነ። በ1996 የቅጂ መብት አዋጁ ሲወጣ ባለ ካሴቱ ለሁለት ሳምንት ሱቁን ዘጋ፤ ከዚያ ከፈተ። ሲዲ ፍላሽ ሆነ፣ ፍላሽ ስልክ ሆነ። ከዚያ የማውቀው ወሬ በሌላ ሰው አፍ፣ በሚያምር ወረቀት ታትሞ፣ ከባሕር ማዶ ተመልሶ መጣ።

ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ "ኢትዮፒክስ" በሚለው ተከታታይ ሲዲ አሮጌ ሸክላዎቻችንን ከጥፋት አድኖ ለዓለም ያስተዋወቀ ሰው ነው፤ ይህን ውለታ የሚክድ ሙዚቃ ወዳድ የለም። ግን ከዚያ ተከታታይ ጋር አንድ ታሪክ አብሮ ተሸጠ። ወርቃማው ዘመን በንጉሡ ጊዜ ነበር፣ ደርግ ሲመጣ ሙዚቃው ሞተ የሚል። ከዚያ ወዲህ የፈረንጅ ጋዜጠኛ ሁሉ ይህንኑ ገለበጠ። ከካሴት ወደ ካሴት እንደሚሆነው፣ በየእጁ ባለፈ ቁጥር ሽሽታው እየጨመረ።

ሸክላው ሞተ፣ እውነት ነው። ሰዓት እላፊው ከባድ ነበር፤ ለዓመታት የምሽት ክበብ የገባ ሰው ሌሊቱን እዚያው ተዘግቶበት ነበር የሚያነጋው። ሳንሱሩም፣ እስሩም፣ ስደቱም ነበር። ግን ሙዚቃው ሞተ የሚለውን የሚያምነው በዚያ ዘመን አቦከር ያልነበረ ሰው ነው። ሮሃ ባንድ፣ ዋልያስ፣ አይቤክስ፣ ዳህላክ፣ ኢትዮ ስታር የት ሊገቡ ነው? ኤፍሬም ታምሩና ነዋይ ደበበ ስንት ቤት እንደገቡ ለመቁጠር የልብስ ሰፊው ልጅም አይበቃም። ሙዚቃው የሄደው ወደ ካሴት ነው። ካሴት ደግሞ ፓሪስ ላይ ሰብሳቢ የለውም፤ ረክሶ ተሽጦ፣ በእስክሪብቶ ተጠንጥኖ፣ ፀሐይ ላይ ቀልጦ የሚቀር ነገር ነው። ሰብሳቢው ያልሰበሰበው ዘመን በታሪኩ ውስጥ ባዶ ሆኖ ታየ።

ሃይሉ መርጊያም ላይ የደረሰው ይኸው ነው። ከዋልያስ ጋር በ1974 አካባቢ አሜሪካ ሄዶ ዋሽንግተን ቀረ። እዚያ ሆኖ "ሸሞንሟናዬ" የተባለችውን ካሴት በአኮርዲዮንና በኪቦርድ ብቻውን ሠራ፤ እዚህ ተሽጣ፣ ተቀድታ፣ ተሰምታለች። እሱ በዳለስ አየር ማረፊያ ታክሲ ይነዳ ነበር፤ ተሳፋሪ ሲጠብቅ ከኋላ ዕቃ መጫኛው ኪቦርዱን አውጥቶ ይለማመድ ነበር። አንድ አሜሪካዊ፣ ብራያን ሺምኮቪትዝ፣ ያቺን ካሴት ባሕር ዳር ገዝቶ ወደዳት፤ ሃይሉንም ፈልጎ አነጋግሮ በ2013 እ.ኤ.አ. እንደገና አሳተማት። በ2016 እ.ኤ.አ. "ወደ ሐረር ጉዞ" ተከተለች። መልካም ሥራ ነው፤ ሃይሉ ከዚያ በኋላ ዓለምን እየዞረ ተጫውቷል፣ አዲስ ሥራም አውጥቷል። ግን የጋዜጣው ርእስ ሁሌ አንድ ነው። ጠፍቶ የተገኘው ባለ ታክሲ።

የእህቴ ልጅ ይህን ከስልኩ ላይ አንብቦ በደስታ መጣ።

"አጎቴ፣ ሃይሉ መርጊያ የሚባል ሰው ተገኘ እኮ!"

"ማን አገኘው?"

"ፈረንጅ።"

"ከየት?"

"ባሕር ዳር፣ ካሴት ሱቅ ውስጥ።"

"ሱቁ ውስጥ ማን አስቀመጠው?"

ይህን አላሰበበትም። ቁም ሣጥን ከፍቼ የራሴን ካሴት አውጥቼ ሰጠሁት፤ በቀይና በሰማያዊ የተጻፈችው ወረቀት ሳትደበዝዝ አለች። ገለባብጦ አያት። "ያምራል" አለ። ከዚያ "በምን ነው የሚከፈተው?" ብሎ ጠየቀኝ። ቤቱ ውስጥ ቴፕ አልነበረም።

በትልቁ ዓለምም የማስተሩ ወሬ አልቀረም። አሜሪካ ውስጥ ሞባይል ፊደሊቲ የሚባል ድርጅት አለ፤ የድሮ ሙዚቃ በሸክላ አሳምሮ እያሳተመ በውድ ይሸጣል። የሸክላዎቹ ልባስ አናት ላይ አንድ ሪባን ታትሞበታል፦ "ኦሪጂናል ማስተር ሪከርዲንግ"። ገዢዎቹ ይህን ያነበቡት ከማስተሩ ክር ቀጥታ፣ ኮምፒውተር ሳይነካው ተቀድቷል ብለው ነው። ድርጅቱም እንደዚያ እንዲያነቡ ተዋቸው። በ2022 እ.ኤ.አ. የማይክል ጃክሰንን "ትሪለር" በ40,000 ቅጂ ሊያወጣ እንደሆነ ሲያስታውቅ ሙዚቃ ወዳዶቹ ሒሳብ ጀመሩ። ማስተሩ በተጫወተ ቁጥር ይደክማል፣ ባለቤቶቹም ደጋግመው አያጫውቱትም፤ ይህን ያህል ሸክላ ቀጥታ ከማስተሩ ለማተም ግን ደጋግሞ ማጫወት የግድ ነው። ታዲያ እንዴት? የፊኒክስ ከተማው ሸክላ ነጋዴ ማይክ ኤስፖሲቶ ነገሩን በአደባባይ አነሣው። የድርጅቱ መሐንዲሶችም ለዓመታት መጀመሪያ በዲጂታል ይቀዱ እንደነበር አመኑ። ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው። ነገሩ ፍርድ ቤት ደርሶ ድርጅቱ ለገዢዎች ካሣ ለመክፈል ተስማማ።

እኔን የሚያስቀኝ ሌላው ነገር ነው። እነዚያን ሸክላዎች እስከዚያ ቀን "ይህ ነው የጥንቱ ድምፅ፣ ዲጂታል እንዲህ ሊሞቅ አይችልም" እያሉ ሲያወድሱ የኖሩ ባለ ብዙ ሺህ ዶላር ስፒከር ጌቶች ነበሩ። በጆሮ የለየው የለም፤ የያዘው ሒሳቡ ነው። የእኛው ባለ ካሴት ይህን ሳያይ ቢሞትም፣ ቢሰማ ምን እንደሚል አውቃለሁ። በሪባኑ ነበር የሚቀናው።

አሁን በአቦከር መንገድ ከሰዓት በኋላ ብዙ ድምፅ አይሰማም። በርጫው አለ፤ ግን ሁሉም የየራሱን ስልክ ይዟል፣ ጆሮውን ደፍኗል። የድሮው ሱቅ የስልክ ቀፎና የቻርጀር ገመድ ይሸጣል። ወጣቱ ባለ ሱቅ የድሮ ዘፈን ለሚፈልግ ሰው ሜሞሪ ላይ ይጭናል። ፋይሎቹ ሁሉ ስማቸው ላይ "ኦሪጂናል"፣ "ክሊር"፣ "ማስተር" የሚል አለባቸው። አንዱን ከፍቼ ብሰማ ማሕሙድ ከፈጠነ ቴፕ ላይ ተገልብጦ ድምፁ ቀጥኖ የልጅ መስሏል። "ይኼ እኮ ፈጥኗል" አልኩት። ልጁ ቀና ብሎ አየኝ፤ ክፋት የለውም። "እንዲህ ነው የመጣው" አለኝ። ከማን ጋር ልከራከር? ማወዳደሪያ ካሴት ያለው ሰው የለም። ኦርጋኑን የሚጫወተው ማን እንደሆነ የሚጠይቅም የለም፤ ሜሞሪ ላይ ሽፋን የለም።

ልብስ ሰፊው ልጅ አድጎ አስጎብኚ ሆኗል። በፈረስ መገላ ይጀምርና በመኪና ግርግር አድርጎ፣ በሸሪፍ ሙዚየም አልፎ፣ ማታ ጅብ ሲመገብ ያሳያል። ጥሩ አስጎብኚ ነው፤ ጨዋታ አዋቂ ነው። ባለፈው ዓመት ከሁለት ጀርመኖች ጋር ሲያልፍ አቦከር መንገድ ላይ ተገናኘን፤ አንደኛው ሽማግሌ የሸክላ ሰብሳቢ መሆኑን ነገረኝና ሳቅ አለ። የድሮው ሱቅ በር ላይ አቆማቸው። ቻርጀር ሻጩ ልጅ ወንበር አወጣ።

"ይህች ሱቅ" አለ ጓደኛዬ በእንግሊዝኛ፣ "ሃይሉ መርጊያ ኦርጋኑን በፔጆ 404 ጭኖ የመጣባት ናት።"

ሽማግሌው ኮፍያውን አወለቀ። እኔ በአማርኛ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "በጥር ነው በነሐሴ?" አልኩት።

"አቦ ዝም በል፣ እንጀራዬ ነው።"

ከስልኩ ላይ አንድ የድሮ የአለማየሁ እሸቴ ዘፈን ከፈተላቸው። ሽማግሌው ዓይኑን ጨፍኖ ሰማ፤ ጆሮ ያለው ሰው ነው። ከደቂቃ በኋላ ጣቱን አነሣ፤ ከዘፈኑ ሥር አንዲት ቀጭን ድምፅ አለች፣ የምትመጣና የምትሄድ፤ ምንድን ናት?

ጓደኛዬ አንድ ጊዜ ወደ እኔ አየ። "ቡና ነው" አለው። "ሲቀረጽ ቡና እየተቆላ ነበር።"

ሽማግሌው ከኪሱ ማስታወሻ አውጥቶ ጻፈ።